ምልክት ያልተደረገበት 1.1

ቆዪ፣ ወረቀቱን ገና አታጥፊው። ወደ መብራቱ አምጪውና አብረን እንየው። የእማዬ ስኳር አለ፣ ጉበቷ አለ፣ ከታች ደግሞ ክሬቲኒን 1.1 ይላል። አጠገቡ መደበኛው ከ0.6 እስከ 1.2 ነው ተብሎ ታትሟል፤ ስለዚህ ማሽኑ ምንም ምልክት አላደረገበትም። አንቺም ምልክት ስላላየሽ ለእማዬ «ኩላሊትሽ ምንም አይልም» ልትያት ነው። እንደዚያ አትበያት፤ ታመሻል ብለሽም አታስደንግጫት። ይህ ቁጥር ብቻውን አንዱንም አያረጋግጥም። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ እንደዚህ ያለ ወረቀት ይዘው፣ ደስ ብሏቸው፣ ፈጣሪን አመስግነው የሚሄዱ እናቶችን ሁልጊዜ አያለሁ። ለዚህ ነው አሁን አጥብቄ የያዝኩሽ።

ክሬቲኒን የጡንቻ ውጋጅ ነው። ጡንቻችን ለጉልበት የሚጠቀምበት ክሬቲን የሚባል ነገር በየቀኑ ትንሽ ትንሹ ይፈርስና ክሬቲኒን ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ደግሞ አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ጡንቻ የሚያመርተው ከቀን ወደ ቀን ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ማጣሪያው ደከመ ብለን እንገምታለን። ግምቱ ግን አንድ ነገር ይረሳል። የሰፈር ቆሻሻ ሰብሳቢን አስቢ። ስምንት ሰው በሚኖርበት ቤት በር ላይ ሦስት ጆንያ ብታዪ ሰብሳቢው ሥራውን እየሠራ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት በር ላይ ሦስት ጆንያ ካየሽ ግን ሰብሳቢው ከቀረ ሰንብቷል። የእማዬ ጡንቻ የብቸኛዋ ሴት ቤት ነው፤ 62 ዓመቷ ነው፣ 50 ኪሎ ናት። ላብራቶሪው የጻፈው የጆንያውን ብዛት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከሰውየው ጋር ማገናኘት አለብሽ። የታናሽ ወንድማችን ክሬቲኒንም 1.1 ነው እንበል። እሱ 25 ዓመቱ ነው፣ ብረት ያነሳል። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ስሌት የእሱ ኩላሊት በደቂቃ 96 ሚሊ ሊትር ገደማ ያጣራል፤ ሙሉ ጤና ነው። በዚያው ስሌት፣ በዚያው 1.1፣ የእማዬ 57 ነው። ከ60 በታች መሆኑን ልብ በይ፤ ከዚህ በታች ሆኖ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚባለው ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ምልክት የላቸውም።

በእጅሽ መሥራት የምትችይውን አሮጌውን ስሌት ላሳይሽ፤ እስክሪብቶውን አቀብይኝ። ኮክሮፍትና ጎልት የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ነው። ከ140 ላይ ዕድሜዋን ቀንሺ፤ 78 ይቀርሻል። በክብደቷ በ50 አባዢው፤ 3,900። አሁን ለብቻው 72ን በክሬቲኒኗ በ1.1 አባዢ፤ 79.2። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍይ፤ 49 ይመጣል። ሴት ስለሆነች በ0.85 አባዢው፤ 42 ገደማ ሆነ። ይህ ስሌት የተሠራው ሞንትሪያል ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በነበሩ 249 ሕመምተኞች ላይ ነው፤ ከመቶ 96ቱ ወንዶች ነበሩ። ያ 0.85 የሚባለው ቅናሽ እንግዲህ ሴቶችን በደንብ ለክተው ያገኙት አይደለም፤ የሴት ጡንቻ አነስ ይላል ተብሎ የተቀመጠ ነው። እንዲያም ሆኖ ፋርማሲስቶች መድኃኒት ሲመጥኑ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል፤ ክብደትን ስለሚቆጥር ለቀጭን ሰው ይጠቅማል።

ስልክሽ ላይ የምታገኚው አዲሱ ስሌት የ2021 የሚባለው ነው፤ ሲኬዲ-ኤፒ ይሉታል። የሚጠይቅሽ ክሬቲኒን፣ ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው፤ ክብደት አይጠይቅም። 57 ያልኩሽ ከዚያ የመጣ ነው። ክብደት ያልጠየቀው መልሱን የሚሰጥሽ የሰውነት ስፋቱ 1.73 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው አድርጎ ስለሆነ ነው። ይህ 1.73 የመጣው በ1920ዎቹ ከነበሩ ወጣት አሜሪካውያን አማካይ አካል ነው። እማዬ ቁመቷ 155 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሰውነቷ ስፋት 1.47 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በእሷ አካል ልክ ሲመለስ 57ቱ ወደ 48 ይወርዳል። በሽታ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ 57ን ያዢ። ኩላሊት የሚያስወጣው መድኃኒት ልክ ሲወሰን ግን ትንሽ ሰው መሆኗን ሐኪሙ እንዲያስብበት ንገሪው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ አንዳንዱ ላብራቶሪ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይጽፋል፣ አንዳንዱ በማይክሮ ሞል በሊትር። የእማዬ 1.1 በሁለተኛው ቢሆን 97 ይሆን ነበር። 97 የሚል አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ ለ88.4 አካፍይው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የእማዬ ክሬቲኒን ከአምስት ዓመት በፊት ስንት ነበር? አታውቂም፤ እኔም አላውቅም፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ። 0.7 ከነበረ ዛሬ ባለው ዕድሜዋ ስንሠራው 98 ይሆን ነበር። 1.2 ቢደርስ 51 ነው። አየሽ፣ ከ0.7 እስከ 1.2 ያለው መንገድ በሙሉ «መደበኛ» ከሚለው መስመር ውስጥ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን አንዲት ሴት የኩላሊቷን ኃይል ግማሹን ያህል ልታጣ ትችላለች፣ አንድም ምልክት ሳይደረግባት። የሚያስፈራው ደግሞ ክሬቲኒን መጀመሪያ ላይ በጣም በዝግታ ነው የሚወጣው። ከ1.0 ወደ 1.1 ስትሄድ ከ64 ወደ 57 ወረደች ማለት ነው። ክሬቲኒኑ 3 የደረሰ ሰው ግን ከ3.0 ወደ 3.1 ቢሄድ አንድ እንኳ አይቀንስም፤ ኃይሉ ከዚያ በፊት ሄዷልና። ሰው የሚጮኸው 3 ላይ ነው፤ ለማዳን የሚቻለው ብዙው ነገር ያለው ግን 1.1 ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትሠሪው የመጀመሪያ ሥራ ስሌት አይደለም። ቁም ሳጥኑን ክፈቺ። መነጽር ልትሠራ ስትሄድ፣ ያኔ ሐሞት ጠጠር ተብላ ስትመረመር፣ ለጉልበቷ ስትታይ የተሰጧትን ወረቀቶች በሙሉ አውጪ። የክሬቲኒን ቁጥር ያለበትን ሁሉ ከነቀኑ በአንድ ገጽ ላይ ጻፊ። ብዙ ዓመት 1.1 ወይም 1.0 ሆና ከቆየች እፎይ እንላለን፤ ዕድሜዋና ተፈጥሮዋ ሊሆን ይችላል። 0.7፣ 0.8፣ 0.9፣ 1.1 እያለ ከወጣ ግን ሐኪም ፊት የምታስቀምጪው ያን ገጽ ነው። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ነው ያለው፤ ያ ገጽ ነገሩን በአንድ እይታ ያሳየዋል።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ላረጋጋሽ። 57 የተለካ አይደለም፣ የተገመተ ነው። በትክክል ለመለካት አዮሄክሶል የመሰለ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ መከታተል ያስፈልጋል፤ ያ በየቦታው የሚሠራ ምርመራ አይደለም። ግምቱ ከአሥር ሰዎች በስምንት ዘጠኙ ላይ ከእውነቱ በ30 ከመቶ ውስጥ ይወድቃል። ሰፊ ነው፤ 57 የተባለ ሰው 45ም 75ም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ክሬቲኒን ያለ ምንም በሽታ ከቀን ወደ ቀን ከመቶ አምስት ያህል ይለዋወጣል። ዘንድሮ 57፣ የከርሞው 54 ቢሆን ብቻውን ምንም አይደለም፤ አትሩጪ።

ምግብም ይገባበታል፤ ይህን ለእኛ አገር ሰው አጥብቄ ነው የምናገረው። ሥጋ ሲበስል በውስጡ ያለው ክሬቲን ወደ ክሬቲኒን ይለወጣል። ማታ ቅቅልና ጥብስ በልቶ ጠዋት ደም የሰጠ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ኩላሊቱ ግን ምንም አልሆነም። በተቃራኒው ሥጋ በማይበላበት ጊዜ ክሬቲኒን ዝቅ ማለት ይቀናዋል። እማዬ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ በሽሮና በአትክልት ጾማ በመጨረሻው ሳምንት ብትመረመር፣ ከዚያ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን ዶሮውና በጉ ካለፈ በኋላ ብትመረመር፣ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠሽ «ወረደች» ማለት አትችይም። ውኃ ሳትጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ደም ብትሰጥም እንደዚሁ፤ የሰውነት ውኃ ሲያንስ ቁጥሩ ይወጣል። በድጋሚ ስትወስጃት ከዋዜማው ጀምሮ ሥጋ አትብላ፣ ውኃዋን እንደ ልማዷ ትጠጣ፣ ላብራቶሪውም ያው የበፊቱ ይሁን። ብዙ ቦታ የሚሠራበት የምርመራ ዘዴ ማክስ ያፌ የተባለ ሰው በ1886 ካገኘው ቀለም ከሚለውጥ ውሕደት የመጣ ነው፤ ከክሬቲኒን ሌላ ነገሮችንም አብሮ ይቆጥራል። ሌላ ላብራቶሪ በሌላ ዘዴ ሲሠራ 0.1 ልዩነት ቢመጣ ከኩላሊቷ ሳይሆን ከዘዴው ሊሆን ይችላል፤ 0.1 ደግሞ ምን ያህል እንደሚያወዛግብ ከላይ አይተሻል።

መድኃኒትም እንደዚሁ ያሳስታል። ኮትሪሞክሳዞል የሚወስድ ሰው ክሬቲኒኑ ሊወጣ ይችላል፤ ማጣሪያው ሳይነካ፣ ክሬቲኒን በጎን የሚወጣበት በር ስለሚዘጋ ብቻ። ዶሉተግራቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒትም ይህንኑ ያደርጋል፤ በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ 0.1 ወይም 0.2 ይጨምርና እዚያው ይቆማል። አብሮት በአንዱ ክኒን ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር ግን አልፎ አልፎ ኩላሊትን በእውነት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው «ከመድኃኒቱ ነው» ብሎ ዝም አይልም፣ ደንግጦም መድኃኒቱን አያቆምም፤ ክትትል ወደሚያደርግበት ክሊኒክ ሄዶ ያስመረምራል። ወንድማችንም ለጡንቻ ብሎ የክሬቲን ዱቄት መጠጣት ከጀመረ ለሚመረምረው ሰው ይንገር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ ከእውነቱ በታች የሚሆንባቸው ሰዎች ናቸው። ከሲታ አሮጊት፣ ለወራት አልጋ ላይ የቆየ ሰው፣ እግሩ የተቆረጠ፣ ጉበቱ የደከመ፣ በልጅነቱም በሽምግልናውም ጠግቦ ያልበላ። እነዚህ የሚያመርቱት ክሬቲኒን ትንሽ ነው፤ ኩላሊታቸው ደክሞም 0.8 ሊነበብ ይችላል። በ2022 ማላዊ፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት የሰዎችን ኩላሊት በአዮሄክሶል ለክቶ ከስሌቶቹ ጋር አስተያየው፤ በክሬቲኒን የሚሠሩት ስሌቶች የኩላሊቱን ኃይል ከእውነቱ አብልጠው ነበር የሚያሳዩት። የእኛ ሰው በዚያ ጥናት የለም፤ እንደ እማዬ ቀጭን ሆኖ የሚያረጅ ሰው ያለበት አገር ግን ልብ ሊለው ይገባል። ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ ከጡንቻ ብቻ ስለማይመጣ ለእንደዚህ ያለ ሰው የተሻለ ያሳያል። ከተገኘና አቅም ከፈቀደ ሐኪሙን ጠይቂው።

አክስታችን ሜሪላንድ ስላለች ይህንንም ስሚ፤ ደውለሽ ንገሪያት። አሜሪካ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሌቱ የሰውየውን ዘር ይጠይቅ ነበር። «ጥቁር» ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ውጤቱን በ1.159 ያበዛ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረው ስሌትማ በ1.212። የእኛ ሰው 52 ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ 60 ተብሎ ይጻፍለት ነበር ማለት ነው፤ በሽታው በማባዛት ይጠፋል። ኩላሊት ለመለወጥ ሰልፍ ለሚጠብቁት ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ እዚያ አገር የጥበቃ ጊዜ የሚቆጠርልሽ ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ጥቁሮች በዚያ ማባዣ ምክንያት ዘግይተው ይገቡ ነበር። በ2021 ማባዣው ከአዲሱ ስሌት ወጣ፤ በ2023 መጀመሪያም ለንቅለ ተከላ የሚጠብቁ ጥቁሮች የተቀነሰባቸው ጊዜ እንዲመለስላቸው ሆስፒታሎቹ ታዘዙ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። አክስታችን ከ2021 በፊት ያላትን ወረቀት ታውጣና ክሬቲኒኑን በአዲሱ ስሌት እንደገና ታሠራው፤ የድሮውን ከአዲሱ ጋር አስተያይታ «በአንድ ጊዜ ወረድኩ» ብላም እንዳትደነግጥ።

ዩሪያ የሚለውን መስመር አይተሽ ጠየቅሽኝ። ከፕሮቲን የሚመጣ ነው፤ በውኃ እጥረት፣ በአንጀት መድማት፣ ብዙ ሥጋ በመብላት ይወጣል። ለሐኪሙ ይጠቅመዋል፤ አንቺ ኩላሊት ልትገምችበት አትሞክሪ።

ስሌቱን ጨርሶ የማትጠቀሚበት ጊዜ ደግሞ አለ። ሰው በድንገት ሲታመም፣ ተቅማጥና ትውከት ሲያደርቀው፣ ሽንቱ ሲቀንስ፣ ክሬቲኒኑ ገና እየወጣ ነው፤ ዛሬ የሚታየው ቁጥር ትናንት የነበረውን ነው የሚናገረው። በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ማስላት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ወደ ሆስፒታል ነው። አንቺም ነገ ስታረግዢ ስሌቱን እርሺው። በእርግዝና ኩላሊት ከወትሮው አብልጦ ስለሚሠራ ክሬቲኒን ይወርዳል፤ ለሌላ ሴት ደህና የሚባለው 1.0 ላንቺ ከፍተኛ ነው፣ በዚያው ቀን መጠየቅ አለበት።

የእማዬ ነገር እንዴት ይሁን ብትይኝ፣ ከደሙ ይልቅ አሁን የጎደለን ሽንቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፤ ስኳሯም ዳር ላይ ነው። ኩላሊትን ቀስ ብለው የሚያደክሙት በብዛት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚታየው ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሬቲኒን ሳይነቃነቅ በሽንት ውስጥ የሚያመልጥ አልቡሚን ነው። ተራው የሽንት ወረቀት ብዙ ሲያመልጥ እንጂ ትንሹን አያይም። የሽንት አልቡሚን ከክሬቲኒን ጋር የሚነጻጸርበት ምርመራ እንዲታዘዝላት ለሐኪሙ ንገሪው፤ በአንድ ግራም 30 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ጉዳት ይታያል። 57 ሆና ሽንቷ ንጹህ የሆነችና 57 ሆና አልቡሚን የሚያመልጣት ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛዋን ነው ቶሎ መያዝ ያለብን።

ለጉልበቷ ከመድኃኒት ቤት እየገዛች የምትውጠውን ዲክሎፌናክ ግን ዛሬውኑ ከእጇ ውሰጂና ለሐኪሙ አሳዪው። ኢቡፕሮፌንም እንደዚሁ፤ ግፊት ላለባትና ኩላሊቷ ለሚያጠራጥር ሴት የሚሆን አይደለም፤ ሌላ ማስታገሻ ይመርጥላታል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የባህል መድኃኒትም አትጠጣ። የግፊት መድኃኒቷን ኢናላፕሪልን ግን እንዳታስቆሚያት! ኢናላፕሪል ሲጀመር ክሬቲኒን ትንሽ ሊወጣ ይችላል፤ እስከ 30 ከመቶ ድረስ ከሆነ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ይታገሡታል፣ አልቡሚን ለሚያመልጠው ኩላሊት ጠባቂው እሱ ነውና። ጎረቤታችን «ኩላሊት ይጎዳል» ብላት ነው ባለፈው ልትተወው የነበረው። ስኳሩ ተረጋግጦ ሜትፎርሚን ቢታዘዝላትም ያን ቀን ይህን ቁጥር አስታውሺው፤ ከ45 በታች ሲሆን መጠኑ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች አይሰጥም።

የኩላሊት እጥበት ምን እንደሚያስከፍል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ወንበር ላይ መዋል ቤተሰብን እንዴት እንደሚያደርግ አይተሻል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ብዙ ሰው አትርፏል፤ እማዬን ግን እኔ የምፈልጋት ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ገና 57 ላይ ሳለች ነው።

እንግዲህ የዛሬውን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፊ፤ ከሦስት ወር በኋላ ያለውንም ቀን ስልክሽ ላይ አስገቢ። በዋዜማው ሥጋ የለም፣ ውኃ አለ። ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያውን ሽንቷን በንጹህ ዕቃ ትያዝ፤ ደሙን እኔ ራሴ እመጣና እቀዳላታለሁ፣ ሽንቱን ግን አንቺ ቀን ሳይሞቅ አድርሺ።